ልሄድባት የነበረችው ሀገር

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝና ልጄ በስልኳ መኪና ጠራችልኝ። ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ወደ ዳውንታውን ኦክላንድ ስንሄድ ሾፌሩ፣ ትሁት ወጣት፣ ሬዲዮኑን ቀንሶ ወሬ ጀመረኝ። ከአነጋገሩ አፍሪካዊ መሆኑን ለይቼ ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት።

«ከሀራሬ፣ ከዚምባብዌ» አለኝ። «ሄደው ያውቃሉ?»

«ልሄድ ነበር» አልኩት።

ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። እኔን ግን አንዴ የተነካ ነገር ቶሎ አይለቀኝም። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ የሰው ሀገር ገንፎ ሳገነፋ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ያረጀ አፓርትመንት ውስጥ ቴንዳይ ከሚባል ልጅ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም ተማሪዎች ነን። የሱ ሀገር፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ያኔ ሮዴዥያ እየተባለች በነጮች አገዛዝ ሥር ናት፤ የኔዋን ደርግ ይዟታል። እሱ ነፃነት የሚባል የሚጠብቀው ነገር ነበረው። እኔ ቪዛዬ ሊያልቅ ወራት ቀርተውኝ፣ የት እንደምገባ እንኳ አላውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር መገደሉን የሰማሁ ዕለት ቴንዳይ ፍራሹን ከአልጋው አውርዶ ሳሎኑ መሬት ላይ አነጠፈና አጠገቤ ተቀመጠ። ማንም ያስተማረው የለም፤ ለካ እነሱም ጋ ለቅሶ የሚቀመጡት መሬት ላይ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር እየተነሳ ሻይ አፈላ። ከዚያው ሰሞን በአንዱ ቀን፣

«ሀገሬ ነፃ ስትወጣ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። «አስተማሪ በጣም ነው የሚያስፈልገን። ደጁ ላይ ጃካራንዳ ያለበት ቤት ይሰጥሃል። አበባው ሲረግፍ መንገዱ በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል።»

አመንኩት። ከዚያ ወዲያ በየሰልፉ ከሱ በላይ የምጮኸው እኔ ሆንኩ። በጥር ዝናብ ወረቀት አደልን፤ በአውቶቡስ ሳንሆዜ ድረስ እየሄድን ድጋፍ ለመንን። ሳድዛ የሚሉትን ምግባቸውንም ተማርኩ። የነጭ በቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤና በርበሬ የሚባል ነገር አያውቅም። እናቴ ቤት ማማሰያ ነክቼ የማላውቀው ሰውዬ ኦክላንድ ላይ ባለሙያ ሆንኩ።

በፈረንጆቹ 1980፣ ሚያዝያ ላይ፣ ነፃነቱ መጣ። የእኛ ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ለኔ በዓል በበዓል ላይ ነበር። የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራየን። ከአዲሱ መንግሥት አንድ ትልቅ ሰው እንደሚመጣ ተነግሮናል። ቴንዳይ ከሰውየው ጋር ሊያስተዋውቀኝ፣ እኔም አጭር ንግግር ላደርግ ተስማማን። «እሱ ‹ና› ካለህ አለቀ» ብሎኛል። ያለችኝን አንድ ሱፍ ተኮስኳት።

እንግዶች ሲገቡ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ሱፌ ላይ ሽርጥ አስሬ ሳድዛውን አማስላለሁ። ቴንዳይ ክራቫቱን እየነካካ ገባ።

«ታዴ፣ ንግግሩ ይቅር።»

«ለምን?»

«የእናንተ መንግሥት ሰው መጥቷል። ፊት ወንበር ላይ ነው።»

«የእኛ? የደርግ?»

«ተዋጊዎቻችንን አሠልጥነውልናል እኮ። እንግዳችን አጠገቡ ነው የተቀመጠው። አንተን ማን ብዬ ላስተዋውቅ?»

«ቴንዳይ፣ ወንድሜን የገደሉት እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። ከእሳቱ ላይ ማማሰያውን ተቀበለኝና የጓሮውን በር ከፈተልኝ። «በዚህ በኩል ይሻላል» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ለቅሶዬ ላይ ሻይ ሲሰጠኝ የነበረው ድምፅ ነው።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ጣቶቼ ላይ ገንፎው እየደረቀ ነው። በመስኮቱ ባንዲራቸው ሲሰቀል ሲዘምሩ ሰማሁ። አንዲት ሀገር ነፃ ወጥታለችና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ማለቱ ራሱ አቃጠለኝ።

ቴንዳይ በዚያው የፈረንጆች በጋ ሀገሩ ገባ። ትልቁን ድስት ትቶልኝ ሄደ። ቤት ሲሰናበተኝ ሊያቅፈኝ መጣ፤ እጄን ብቻ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እኔም እንደምንም ወረቀት አግኝቼ፣ ሳንሆዜ የሰው ልጆችን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ደርግ ሲወድቅ መሪው ሸሽቶ ዚምባብዌ መግባቱን በሬዲዮ የሰማሁ ቀን ሚስቴ ሮጣ መጣች። «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። እየሳቅኩ ነበር፤ ግን ሳቁ አልቆም ብሎኝ ደንግጣለች።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ኢትዮጵያዊ ነዎት አይደል? የድሮ መሪያችሁ እኮ እኛ ከተማ ነው ያለው። እናቴ ሥራ ስትሄድ ቤቱ ባለበት መንገድ ነበር የምታልፈው።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሐኪም ቤቱ ጋ ደረስን። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አወጣሁና ተመለስኩ።

«መንገዱ ላይ ጃካራንዳ አለ?»

ልጁ ሳቀ። «እንዴት አወቁ? አበባው ሲረግፍ ሐምራዊ ምንጣፍ ነው የሚመስለው።»

አመስግኜው ወረድኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ቴንዳይን ውሸታም እለው ነበር። የነገረኝ መንገድ ግን ልክ እንዳለው ሆኖ እዚያው ነበር፤ ወንድሜን ያስገደለው ሰው ይኖርበታል።