ከከተማው ግንብ የተደገፈ ቤት

ባለፈው ሳምንት ለኩሽናዬ ግድግዳ ሴራሚክ ልመርጥ ዉድበሪ ሄጄ፣ ሻጩ በነጭ ላይ ሰማያዊ ሐረግ የተሣለበት አንድ ንጣፍ አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ ቅዝቃዜው ይሁን ቀለሙ እንጃ፣ አጎቴ እድሪስ አጠገቤ የቆመ መሰለኝና ምንም ሳልገዛ ወጣሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ ውስጥ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ባለ ሦስት ፎቅ ከሆኑ አፓርትመንቶች በአንዱ እንኖር ነበር። እናቴ ሮቢንስዴል ድረስ እየሄደች ሆስፒታል ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትላ፣ ትሠራለች፣ አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ታላቅ ወንድም ከእድሪስ ጋር በር ቆልፈን፣ መስኮቱ ላይ ተደግፈን በረዶ እናያለን።

እድሪስ ምጽዋ ተወልዶ፣ እንደ እናቴ በአማርኛ ተምሮ፣ በመርከበኝነት ዓለምን የዞረ ሰው ነው። ፖርቱጋል ላይ ታሞ መርከቡ ጥሎት ሲሄድ፣ ፖርቶ በምትባል አሮጌ ከተማ ማሪያ ከምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ተጠግቶ ዓመታት ኖረ። "እህት እያለችህ ከባዕድ ጋር ምን ትሠራለህ?" ብላ ያመጣችው እናቴ ናት። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ስላልተወሰነ ከአሜሪካ ከወጣ መመለስ የለም። ከቤት መውጣቱንም ትቶት ነበር፤ አንድ ቀን ቆሻሻ ሊጥል ወርዶ፣ ሕንጻዎቹ ተመሳስለውበት የሰው በር በእኛ ቁልፍ ሲታገል፣ ሴትዮዋ ፖሊስ ልትጠራበት ምንም አልቀራት።

ያ ሰው ፖርቶን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይመራኝ ነበር። ከወንዙ ዳር ተነሥተን፣ ጭጋግ ባጠቆረው የጥርብ ድንጋይ ደረጃ ሽቅብ እንወጣለን፤ ግራና ቀኝ የአንድ መስኮት ስፋት ብቻ ያላቸው ረጃጅም ቤቶች ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሰው፣ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ አናታችን ላይ ያንጠባጥባል። ከዚያ ጥንት ነገሥታት ከተማዋን ያጠሩበት ግንብ፣ ከበላዩም ምሽግ የሚመስል ካቴድራል። "አገሪቱ ስሟን የወሰደችው ከዚህች ወደብ ነው" ይለኛል፣ ስሙን ራሱ ያወጣላት ይመስል እየኮራ። የማሪያ ቤት ጀርባውን የሰጠው ለዚያው ግንብ ነበር። "ራስጌዬ የንጉሥ ግድግዳ ነበር እኮ!"

አንድ ቅዳሜ ማሪያ ደወለች። እድሪስ ብዙ ሰማ፣ ጥቂት ተናገረ፣ ስልኩን ዘግቶም ያለችውን ነገረኝ። ሰፈሩ ሊታደስ ነው ተብሎ ነዋሪውን ከከተማ ውጭ ወዳለ ፎቅ አዛውረውት ኖሯል። "በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወጥቼ የምመለስ አይመስለኝም" ብላዋለች።

እራት ላይ "ልሄድ ነው" አለ።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እድሪስ፣ ከወጣህ እኮ አትገባም።"

"እዚህስ መቼ ገባሁ?"

እናቴ አለቀሰች። "ወንድም ጋሼ፣ ምን በደልኩህ?"

"ምንም። አንቺ ቤተሰብ አለሽ፤ እሷ ግን ብቻዋን ናት።"

በረዶው ሲቀልጥ ሄደ። በየኢዱ ይደውልልን ነበር፤ እኔ ኮሌጅ ሳለሁ እዚያው የማሪያ ፎቅ ላይ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ እሷም ተከተለችው።

አምና ልጄን ይዤ ፖርቶ ሄድኩ። ካርታ ሳላወጣ፣ እግሬ ራሱ እየመራኝ ደረጃውን ወጣሁ። ግንቡ አለ፣ ካቴድራሉ አለ፤ ከግንቡ የተደገፈው ቤት ግን እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ገመድ ላይ አንድም የተሰጣ ልብስ አላየሁም። ልጄ ከኋላዬ እያለከለከ፣ "ማሚ፣ ሃው ዱ ዩ ኖው ዚስ ፕሌስ?" አለኝ።

ዞርኩና እድሪስ በነገረኝ አማርኛ፣ ከነጭጋጉ ከነሰካራም ቤቶቹ ልነግረው ጀመርኩ። ፊቱን አየሁት፤ በትሕትና ፈገግ ብሎ እስክጨርስ ይጠብቃል። ወደ እንግሊዝኛ ቀየርኩለት። ቤቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ደረጃውም ደረጃ ብቻ ሆነ።