ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት

እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እሁድ ስትወጣ የድሮ ሕንፃዎችን ፎቶ እያነሳች ትልክልኝ ነበር። አንዴ የጥንት ሮማውያን የድንጋይ ምሰሶዎች ላከች። «ጣሪያው ወድቆ እነሱ ቆመዋል» አለች በድምፅ መልእክት። አብዝታ የምትወደው ግን ቀይ ጣሪያ ያላቸውን ቤቶች ነው። ግድግዳቸው መሀል ላይ ሦስት መስኮቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አናታቸው እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ። ፊት ለፊታቸው ባሕር ነው።

እኔ ሆሳዕና ከተማ ቁጭ ብዬ እህቴ የምትለውን ለእናታችን በሀዲይኛ እነግራት ነበር።

«ሦስት መስኮት ባንድ ግድግዳ?» ትላለች እናቴ። «ብርዱን ማን ይከለክልላቸዋል?»

የእህቴን መሞት መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዋ ከቤይሩት ደወለች። ታማ ነበር፤ ደብቃን ነበር። ለአጎቴ ነገርኩት። እሱም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን አማክሮ መጣ።

«አባትህ ከሀቢቾ እስኪመጣ አፍህን ያዝ። መርዶ ንጋት ላይ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። እናትህ ፊት እንዳታለቅስ።»

እሺ አልኩ። አላለቀስኩም።

በማግስቱ እናቴ ጠራችኝ። እህቴ በላከችው ብር ጓሮ ላይ አንድ ክፍል እናሠራ ነበር። እንጨቱ ቆሟል፣ ጭቃው ገና አልተመረገም።

«አናጢው መስኮት ሊያወጣ ነው። ያንን ፎቶ አሳየው። ሦስቱ ቢቀር አንዱን እንኳ እንደዚያ ያጉብጥልን፣ ስትመጣ ትሳቅ። በየት በኩል ይሁን? ጠይቃት እስቲ፣ የኔ አባት።»

ስልኩን ይዤ ወጣሁ። እንሰቱ ሥር ቆምኩ። ማንን ልጠይቅ? ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ።

«ወደ መንገዱ ይሁን አለች።»

«አላልኩህም!» ብላ ሳቀች። «ድሮም ሰው ማየት ትወዳለች።»

ዝም በል ተብዬ ነበር። በሷ አፍ ተናገር ያለኝ ግን የለም።

አባቴ መጣ። በሚቀጥለው ንጋት ሽማግሌዎቹ ገቡ። ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልችልም።

ሰው መበተን ሲጀምር እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ድምጿ ተዘግቶ ነበር። እህቴ የሞተችበትን ቀን ማንም በትክክል አልነገራትም።

«ታውቅ እንደነበር ገብቶኛል። ወጉ ነው፣ አልቀየምህም። ግን... ወደ መንገዱ ያለችህ፣ የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው?»

አየችኝ። ማየቷን አልቻልኩትም።

«አዎ» አልኳት።

መስኮቱ ተሠርቷል። አናጢው ማጉበጡን አልቻለበትም፤ አንድ ጎኑ ዘሟል። እናቴ እዚያ ተቀምጣ ከሌሞ ገጠር የሚመጡትን የፈረስ ጋሪዎች ታያለች። ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ በመጣ ቁጥር እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ ታደርግና፣ «በስተመጨረሻ እንኳ ለኔ አሰበች። ወደ መንገዱ ይሁንላት አለች» ትላለች።

ያን ጊዜ ሻይ ላመጣ እነሳለሁ።