የሚወስደኝ ሰው

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰው ቤት ምድር ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። የቆየ የጉበት ቫይረስ ስላለብኝ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ እነሳለሁ። ባለፈው፣ ምንም ሳያመኝ፣ ጉበቴ ላይ ዕጢ ተገኘ። ስፔሻሊስቷ «ካንሰር ነው፤ ግን ገና ትንሽ ስለሆነ በመርፌ ገብተን እናቃጥለዋለን» አለችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ሆስፒታል ስደርስ ነርሷ፣ «ማን ነው ቤት የሚወስድህ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ኡበር እጠራለሁ።»

«አይቻልም። ማደንዘዣ ስለምትወስድ፣ የሚወስድህ የምታውቀው ሰው ከሌለ ሕክምናውን ካንስል እናደርገዋለን።»

ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች አልኳቸው። መታመሜን እንኳ ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ለማን ልደውል? ይሄኔ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ትልቅ ሐበሻ ሴት ብድግ አሉና በእንግሊዝኛ፣ «አክስቱ ነኝ፤ እኔ እወስደዋለሁ» አሏት። በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም!

ሕክምናው አልቆ ስነቃ ከአልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። እንባዬ መጣ።

«እማማ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ?»

«ምስጋናውን ተወውና ሐሙስ ጠዋት እንዳትቀር» አሉኝ። «እኔንም ቅድም ሌላዋ ነርስ ሰው ካልያዝሽ አይሆንም ብላ ቀጠሮዬን ወደ ሐሙስ ቀይራብኛለች።»