የላፋኤሌ መኪና ክንፍ

ላፋኤሌ ኦታራ በሚባለው ሰፈራችን አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ሽቅብ ሲያወጣ ስለሚውል ይሁን አይሁን እንጃ፣ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ ልቡን ይሰርቀዋል፤ የመዘምራኑ ቀጭን ድምፅ፣ ዝናብ ሲያባራ ከአስፋልቱ የሚነሳው እንፋሎት። የገዛ መኪናው በር ግን እንደማንም በር ወደ ጎን መከፈቱ ሲቆጨው ኖሯል።

ታላቅ እህቱ ሞኤላንጊ ከሳቫይኢ ደሴት ትመጣለች የተባለ ዕለት ቁጭቱ ሥራ ሆነ።

ባለፈው ስትመጣ ያው መኪና መንገድ መሃል ቆሞባት፣ በነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ ዝናብ እየወረደባት በእግሯ ገብታለች። በምእመኑ ሁሉ ፊትም፣ «ከእንግዲህ የላፋኤሌ መኪና ውስጥ የምገባው ሬሳ ሆኜ ነው!» ብላለች። እኛ ሳሞአዎች ዘንድ ወንድም የእህቱ አገልጋይ ነው። እህት እንዲህ ያለችው ወንድም እንቅልፍ የለውም። አሁንም ገና ከአውሮፕላን ሳትወርድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በአጎታቸው ልጅ በኢዮፑ ሚኒባስ እንደምትሄድ መልእክት ልካበታለች።

«በሩ ወደ ሰማይ ሲከፈት ካየች ግን እንቢ አትልም» አለ ላፋኤሌ፣ በር ሽቅብ የሚያነሳውን የአዲሱን ማጠፊያ ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎ።

የእሑድ ምሳ የሚበላበት ረጅም ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ተገፋና ጋራዡ ተለቀቀለት። ፓራፋንጎውን ፈታ፤ የድሮውን ማጠፊያ አወለቀ፤ የመስኮቱን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጠለና አስረዘመ። በሩን የምትደግፍለት ሚስቱ ሲኒቫ ናት።

«ያዢው፣ ሲኒቫ! ያዢው!»

«ይዤዋለሁ። አንተ ምኑን ይዘህ ነው?»

«ተስፋዬን።»

«እሱማ ቀላል ነው። ና በሩን ያዝ፣ ተስፋህን እኔ ልያዝልህ።»

ይህ በር መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያ መነሳት አለበት። ላፋኤሌ ቸኩሎ ሽቅብ ቢገፋው መልሶ ያሰረውን ፓራፋንጎ ፋቀውና ቀለሙ ተላጠ። ኢዮፑ የጋራዡ መግቢያ ላይ ቆሞ ካካዎውን ፉት እያለ ያያል።

«ላፋ፣ ይሄ መኪና ሊበር ነው ወይስ እንደ ውሻ ሊሸና ነው እግሩን ያነሳው?»

«ሳቅ አንተ! እሑድ ሚኒባስህን ባዶዋን ትነዳታለህ።»

«እትዬ ሞኤላንጊን ረስተሃታል መሰለኝ። እሷ የተናገረችውን ቄሱም አያስመልሷትም።»

ቡሎኑን ላላ፣ ጠበቅ፣ እንደገና ላላ እያደረገ ሲያስተካክል ከረመ። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ተነሳ፣ ጋዝ የታሸገበት መግፊያ ዘንግ ደገፈውና ፀጥ ብሎ ቆመ። ላፋኤሌ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በቋንቋችን ያንጎራጎረው ወደዚህ ይጠጋል፦

ባሕሩን ተሻግራ ስትመጣ እህቴ፣
ክንፍ አብቅሎ ይጠብቅ ይህ አሮጌ ብረቴ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበር! ግን እህት ባዶ በር አይከፈትላትም ብሎ፣ የበሩን ውስጥ እናታቸው በሠራችው ወፍራም ምንጣፍ አለበሰው፤ በምንጣፉ ላይ የዛጎል የአንገት ጌጦቹን ሁሉ እየደራረበ ሰፋቸው።

«አልከበደውም?» አለች ሲኒቫ።

«ክብር ይከብዳል እንዴ?»

ይከብዳል። እሑድ ጠዋት ሞኤላንጊ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሰፊ ነጭ ባርኔጣዋን ደፍታ ከቤት ስትወጣ የኢዮፑ ሚኒባስ ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃል። ላፋኤሌ መኪናው አጠገብ ቆሞ በሩን አነሳው። ዛጎሎቹ ተንሿሹ፤ ጎረቤት በየአጥሩ ብቅ አለ። በሩም ከላይ ለአፍታ ቆመና፣ ልክ እንደሚያንቀላፋ ሽማግሌ፣ ቀስ... ቀስ... እያለ ወረደና ተዘጋ።

ኢዮፑ የሚኒባሱ መሪ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ይምጡ ይልቅ! የእኔ በር እንቅልፍ አያበዛም!»

ላፋኤሌ በሩን መልሶ አነሳው፤ ሲወርድበት ትከሻውን ከሥሩ አስገባና ተሸክሞት ቆመ።

«እትዬ፣ ይግቡ» አለ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ።

ሞኤላንጊ ተጠጋች። ጌጡን አየች፤ የእናቷን ምንጣፍ በጣቷ ዳሰሰች። በሩ የላፋኤሌን ትከሻ ቁልቁል ይጫነዋል።

«ጌጡን ልንቀለው፣ እትዬ፣ ይቀለዋል» አለች ሲኒቫ መቀስ ይዛ እየሮጠች።

«እንዳትነኪው!» አለች ሞኤላንጊ። «ወንድሜ ይዞልኛል አይደል?»

ከዚያም ለመግባት የወሰደችው ጊዜ! አንድ እግሯን አስገባች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች። መነጽሯን ረስታ እንደሆነ ቦርሳዋን ፈተሸች። የጎረቤቱን ሚስት ጤና ጠየቀች፤ ስለ ልጆቿም በየተራ።

«እትዬ...» አለ ላፋኤሌ ከበሩ ሥር።

«ምነው፣ ከበደህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንዲያ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ባርኔጣዬን እንዳይነካብኝ።»

ከፍ አደረገው። ገባች፤ ተደላድላ ተቀመጠች። ከዚያ ከጌጡ ሥር አንገቷን አውጥታ ወደ ሚኒባሱ ጮኸች፦

«ኢዮፑ! ቅደምና መዘምራኑን ቀስ ብለው ይጀምሩ በላቸው። በወንድሜ መኪና እየመጣሁ ነው፤ ደግሞ እዚያም ስወርድ ጊዜ ይፈጅብኛል።»