ቀይ ኮከብ ላይ ያፈሰሰው ጀሪካን

ሰቆጣ ውስጥ ጀሪካኑ ያፈሰሰበት ሰው ሁሉ ወደ ወርቅአገኘሁ ይሄዳል፤ ሄዶም ይሰደባል። ስድቡ ከሥራው ጋር የሚሰጥ ምርቃት ነው። «ይኼን በምን ቀደድኸው? በጥርስህ?» ይላል የጋለ ቢላውን ከከሰሉ እያወጣ። ከዚያ ከአሮጌ ጀሪካን የቆረጣትን ቁራጭ አቅልጦ ቀዳዳው ላይ ይለጥፋል፣ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ውሃ ሞልቶ ደረቅ አመድ ላይ ያስቀምጠዋል። አመዱ ካልረጠበ ሥራው አለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ አመድ ላይ ጠብታ ሲጠብቅ የኖረ ዓይን ነው፤ ሌላው ሰው ውሃ ሲያይ እሱ የሚያየው የሚያመልጠውን ነው።

ከተማው ውስጥ ያላንቋሸሸው ነገር አልነበረም። አዲሱን የመብራት ምሰሶ «የሰከረ ዘበኛ» ብሎታል፤ የማዘጋጃ ቤቱን አጥር «የድሃ ጥርስ»። ሰዉም ለምዶታል። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «ወርቄ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ የሰደበውን ይስቅበታል፣ እሱ እስኪሰድበው ድረስም የራሱን ሐሳብ አያወጣም። የገዛ ዓይኑን ለሌላ ሰው አፍ ያከራየ ሕዝብ!

ከተቀመጠበት ድንጋይ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የቅጣው ቪዲዮ ቤት ነበር። ቅጣው ከወልድያ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ይዞ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። ብልሃቱ አንዲት ናት፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን በርጩማ ላይ አድርጎ ወደ መንገድ ያዞረዋል፣ ሊመጡ ያሉ ፊልሞችን ማስታወቂያ በነፃ ያሳያል፣ ሰው ሲሰበሰብ ወደ ቤት አዙሮ ፊልሙን ይጀምራል።

ቤቱ በተከፈተ በ1992 ዓ.ም. ወርቅአገኘሁ ገብቶ ነበር። ማስታወቂያው ላይ አንድ ሰው በከተማ ላይ ሲበር አይቶ ነው የገባው። ሰውዬው ግን የበረረው በር ላይ የታየችውን ያህል ብቻ ሆነ፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚነዘንዝ ነበር። ወርቅአገኘሁ መሐል ላይ ተነሥቶ ወጣና መንገድ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸ። «ማስታወቂያ ማለት ጠላ ሻጯ በር ላይ የምታስቀምሰው ፉት ነው፤ ጋኑ ውስጥ ያለው አተላ ነው! ከእንግዲህ ይህን ደፍ ብረግጥ በሚካኤል ተገዝቻለሁ!»

ግዝት ቀልድ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከድንጋዩ ሆኖ ማስታወቂያውን ብቻ እያየ ሰደበ።

በ1999 ዓ.ም. ቤሩት ያለችው የቅጣው እህት ትግስት አንድ ዲስክ ላከች። ገና ሊወጡ ያሉ ፊልሞች ማስታወቂያ ብቻ የሞላበት ነው።

«እነዚህ ፊልም ሠሪዎች ትልቅ ኩባንያ የላቸውም፣ ጋሼ ወርቄ» አለ ቅጣው። «አምስት ስድስት ጓደኛሞች ሆነው በራሳቸው ነው የሚሠሩት። ስለሚመጣው ዘመን ነው፤ ስለ ሰማዩ፣ ስለ ከዋክብቱ።»

«ያስታውቃል። ያ የሰማይ መርከባቸው የድስት ክዳን ነው። እጀታውን እንኳ አልነቀሉትም።»

አጠገቡ ጌሾ የምትሸጠው ጥሩሐረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሱም ቀጠለ። ብረት የለበሰውን ሰው «ቆርቆሮ ቤት እግር አውጥቶ» አለው፤ ዓይኑ የሚያበራውን ልጅ «ፋኖስ የዋጠ»።

መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ሴት መጣች። መሬቱ ቀይ ነው፣ በግንቦት ወደ አበርገሌ ሲወረድ እንዳለው የተሰነጠቀ። ከላይዋ ሁለት ጨረቃ፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ፣ እንደ እናትና ልጅ። ሴትየዋ ነጭ የውሃ ዕቃ ተሸክማ፣ ወደ ኋላ ሳትመለከት፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ብቻዋን ትሄዳለች። ከዕቃው ሥር አንዲት ጠብታ ብልጭ ብላ ወደቀች። ደግሞ ሌላ። ከዚያ ማያው ጨለመና ጽሑፍ መጣ፤ «በቅርብ ቀን ይላል» አለ ቅጣው።

«ታፈሳለች!» አለ ወርቅአገኘሁ ከድንጋዩ ተነሥቶ።

«ማናት የምታፈሰው?» አለች ጥሩሐረግ።

«ጀሪካኗ! ከሥሩ፣ በቀኙ ማዕዘን! አላያችሁም? ዕውር ሁሉ!» ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። «ኮከብ ላይ ወጥተው ጀሪካን መድፈን ያቃታቸው!»

መንገዱ በሳቅ ሞላ። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ቢላውን ከከሰሉ አውጥቶ አስቀመጠ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የመርከቡንና የቆርቆሮውን ሰው ስድብ ከልማድ ይወጣዋል፤ ሴትየዋ ስትመጣ ዝም ይላል። ጠብታዎቹን ይቆጥራል። በዚህ አያያዝ ሁለት ሰዓት ሳትሄድ ዕቃው ባዶ ነው። ታውቅ ይሆን? ቁጭ ብላ ክዳኑን ስትከፍት ፊቷ ምን ይመስል ይሆን? እንዲህ ያለ ፊት አንድ ጊዜ አይቷል። አንዲት ሴት ከገደሉ ሥር ውሃ ቀድታ ሽቅብ ግማሽ ቀን ወጥታ፣ ባዶውን ጀሪካን እፊቱ አስቀምጣ ሳቀች፤ ማልቀስ ደክሟት ነው የሳቀችው። ያን ቀን ብቻ ሳይሳደብ ደፍኗል።

ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ሴት በልቡ ይዟት ዞረ። ከፋሲካ በኋላ ቅጣው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ጋሼ ወርቄ፣ ፊልሙ መጣ። የውሃዋ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይታያል።»

«ለደንቆሮ አሳያት» አለ ወርቅአገኘሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ነፍስ አባቱ መምሬ አሥራተ ማርያም ዘንድ ሄደ።

«ከግዝት ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«የምን ግዝት?»

«የቪዲዮ ቤት።»

መምሬ አሥራተ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አደረጉ። «ምን ልታይ ነው የምትገባው?»

«ጀሪካን።»

«እዚህ ያሉት አነሱህ?»

ወርቅአገኘሁ አፈረ፤ ቢሆንም ሁሉንም ነገራቸው፤ ቀዩን መሬት፣ ሁለቱን ጨረቃ፣ ጠብታዋን። እርሳቸው ሊቆጡ ያነሡትን እጅ መለሱት።

«ከሥር ነው የምታፈሰው?»

«ከሥር፣ በቀኝ ማዕዘን።»

«እሷ አታውቅም?»

«አታውቅም፣ አባቴ።»

መቋሚያቸውን ከአገጫቸው ሥር አነሡ። «እፈታሃለሁ። ንስሐው ግን ምላስህ ላይ ነው። ከነገ እሁድ እስከሚመጣው እሁድ ቅዳሴ ድረስ ሰውም ሆነ ዕቃ አታንቋሽሽ። አንዲት ቃል ብትወጣህ ግዝቱ ተመልሶ ይይዝሃል።»

«ኧረ አባቴ፣ ስግደት ይስጡኝ! አምስት መቶም ቢሆን!»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና መስቀሉን አሳለሙት።

እሁድ በቀኝ እግሩ ደፉን ተሻገረ። ቤቱ በሰው ላብ ታፍኗል። ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሰዎች ግድግዳው ብልጭልጭ የሲጋራ ወረቀት በሚመስል ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አወሩ። ቅጣው በማይክራፎን ይተረጉማል፤ ሰው በተናገረ ቁጥር «አሁን ተስፋ አትቁረጪ እያላት ነው» ይላል፤ ሌላ አያውቅም። በመጨረሻ ሴትየዋ ወጣች። ወርቅአገኘሁ ወንበሩን ጨበጠ። ሄደች፤ በር ላይ የታየችውን ያህል፣ ያችኑ ያህል ብቻ። ጠብታዋ ወደቀች። ቀጥሎ ሴትየዋ ዕቃውን አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተች፤ ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል።

ሞልቷል! ስለ ቀዳዳው ያነሣ የለም። ጠብታዋ ከነጭራሹ ከታሪኩ አልነበረችም። ፊልም ሠሪዎቹ ርካሽ ዕቃ አሸክመዋታል፣ ሲያፈስም አላዩም፤ አምስትም ይሁኑ ስድስት፣ ከመሐላቸው አንድ ዓይን ያለው ጠፍቷል።

በር ላይ መንገዱን የሞላ ሰው ጠበቀው። «እህ፣ ጋሼ ወርቄ?»

ስድቡ ከጉሮሮው ደርሶ የአንገቱን ሥር ገተረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሴትየዋ» አለ በመጨረሻ፣ «አረማመዷ ጥሩ ነው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወርቄ አላንቋሸሸም! ዓይኑ ደግሞ እንባ ነበረው! ከሰኞ ጀምሮ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ከጋዝጊብላ ለገበያ የመጣው ሁሉ ሸቀጡን ለሰው አደራ እየሰጠ ገባ። ሲወጣ ፊቱ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው እንኳ አይረባም ለማለት አልደፈረም። «እኛ ነን ያልገባን» ይባባላል። መምህር ጌታሰው የሚባለው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ውሃው የማያልቀው ተምሳሌት ስለሆነ ነው ብሎ አስረዳ። ወርቅአገኘሁ ይህን ሲሰማ የጀሪካን ቁራጭ በጥርሱ ነክሶ ያዘ። ሐሙስ ዕለት ጥሩሐረግ «አሞሃል?» አለችው፤ ራሱን ነቀነቀ። ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካን ያመጣ ሁሉ ሳይሰደብ ተመለሰ፤ ቅርም አለው።

በሁለተኛው እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ወርቅአገኘሁ ነጠላውን እንዳጣፋ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ቤቱ በር መጣ። ቅጣው ያን ቀን ቴሌቪዥኑን በጊዜ አውጥቶ፣ ማስታወቂያው እየታየ ነበር።

«ስሙኝ!» አለ። «ስምንት ቀን ዝም ብያችሁ አህያ መሆናችሁን አየሁ! ያ ፊልም ነው? ግድግዳው የሲጋራ ወረቀት፣ መርከቡ ድስት፣ ሰዎቹ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ዕድርተኞች! ተምሳሌት? የጌታሰው ራስ ነው ተምሳሌት፤ ከውጭ ሲያዩት የሞላ የሚመስል!»

መንገዱ በእፎይታ ሳቅ ፈረሰ። አሁን ሁሉም ፊልሙ እንዳስጠላው ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ወርቅአገኘሁ አንድ ሳይቀር ሰደበ፤ ብረት ለባሹን፣ የቅጣውን ትርጉም፣ ፊልም ሠሪዎቹን እስከ ጫማቸው።

«የጀሪካኗስ ነገር?» አለች ጥሩሐረግ እንባዋን እየጠረገች። «እሷን አላነሣሃት።»

ወርቅአገኘሁ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ሴትየዋ በሁለቱ ጨረቃ ሥር ትሄዳለች። ጠብታዋ ብልጭ ብላ ወደቀች።

«እሷን ተያት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካመጡልኝ እደፍነዋለሁ።»

መንገዱን ተሻግሮ ከሰሉን ሊያቀጣጥል ሄደ።