የእናቴ እንቅርትና የእኔ ትምህርት

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። እኔ ነፍስ ሳውቅ የዶሮ እንቁላል ያህል ነበር። እኛ ከተማ አረካ ውስጥ እንዲህ ያለ አንገት ብርቅ ስላልሆነ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችን እንቅርት በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ነገረን። ያንን ይዤ ቤት ገባሁና «አዬ፣ ሐኪም እሆንና አወጣልሻለሁ» አልኳት። አዬ እኛ ቤት እማዬ ማለት ነው። ልጅ የሚናገረውን ነበር የተናገርኩት፤ እሷ ግን እንደ ቀጠሮ ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ «ታከሚ እንጂ» ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ። «ልጄ እየተማረች ነው።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ሕክምና ሲደርሰኝ ቅቤ የምትሸጥበት ገበያ ድረስ ሮጬ ነገርኳት። እልል አለች። ቀጥላም ሚዛኑን አስቀምጣ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» አለችኝ። ገና አልተመዘገብኩም እኮ!

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ለእረፍት ስመጣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«እስቲ እዪው።»

«አዬ፣ እኔ እስካሁን በሽተኛ ነክቼ አላውቅም። የነካሁት ሬሳ ነው።»

«ሬሳ?» ወደኋላ አለች። «የሞተ ሰው አክመሽ ምን ልታተርፊ ነው?»

ሁለት ዓመት የሰውነት ክፍሎችን ስም ስሸመድድ፣ ከዚያ ሆስፒታል ገብቼ ከትልልቆቹ ሐኪሞች ኋላ ስከተል፣ እሷ በየእረፍቱ ነጠላዋን ትገልጣለች፤ እኔም «ገና ነኝ» እላለሁ። ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም፣ የሆንኩበት ዓመት ደግሞ ሌላ ነው። ደም ስቀዳ፣ የላብራቶሪ ውጤት ፍለጋ ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ቆሜ ስተኛ ደውላ «የፀሎት ቡድናችን ሴቶች እየጠየቁኝ ነው፣ ምን ልበላቸው?» ትላለች። «ገና ናት በያቸው» እላታለሁ። «አምናም እንደዚያ ነው ያልኳቸው» ትላለች።

ስመረቅ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀልኝ። እናቴ ማይክ ይዛ ወጣች። ሌላው ሰው አንድ ጥቅስ አንብቦ ይወርዳል። የእኔ እናት ግን አንገቷን ለጉባኤው እያሳየች «ጌታ ልጄን አስጨረሰልኝ፤ አሁን ይሄን ታወጣልኛለች» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ እዚያው ጋዋኔን እንደለበስኩ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብተን እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። አሁን የሆንኩት ጠቅላላ ሐኪም ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተና አለብኝ፤ ከዚያ ሥራ መፈለግ፣ ሠርቶ ልምድ መያዝ፣ ደግሞ የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና፣ ያንን ካለፍኩ በሬዚደንትነት ሌላ አራት አምስት ዓመት። አንገት የሚቀድ ሐኪም የሚኮነው ያን ጊዜ ነው።

«ስፔሻል ፉል አውቃለሁ» አለችኝ። «ስፔሻል ሐኪም ምን ማለት ነው?»

በመንገድ ልመስልላት ሞከርኩ። «ከአረካ ተነስቼ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነው እንበል። አሁን ሆሳዕና ደርሻለሁ።»

«ታዲያ ሆሳዕና ሰው አይታከምም?»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ መሐል ቆሜ ብቻዬን ስነጫነጭ ትዝ ይለኛል።

ፈተናውን አለፍኩ። ሥራ ግን እንደ ድሮው ምደባ አልነበረም፤ በየጤና ቢሮው ደጅ ስጠና ከርሜ በመጨረሻ ቦምቤ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። እዚያ ድንገተኛውንም፣ ወሊዱንም፣ ሁሉንም እኛው ነበርን የምናየው። ኦፕሬሽን ክፍል ገብቼ ሳግዝ ጓንቴ ውስጥ እጄ በላብ ይርሳል፤ እስክወጣ ደቂቃው አይገፋልኝም። የሕፃናት ክፍል ስገባ ግን ሰዓቱን እረሳለሁ። በምግብ እጥረት ተጎድቶ አንገቱን ማቅናት ያቃተው ሕፃን ወተቱን መያዝ ጀምሮ፣ ሰንብቶ የእናቱን ፀጉር ሲጎትት ማየት ለእኔ ከምንም በላይ ነበር። ምን መሆን እንደምፈልግ ያወቅኩት እዚያ ነው። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ደግሞ ምን ብዬ?

የስፔሻሊቲ ፈተናውን መጀመሪያ ስቀመጥ ነጥቤ አልበቃኝም። እናቴ «ሐኪም ካደረጉሽ በኋላ ደግሞ ሐኪም መሆንሽን ይጠራጠራሉ?» አለች። በዚህ እንኳ ሳልወድ ከእሷ ጋር ተስማማሁ። ቀን ተራ፣ ማታ ተራ፣ በመሐል ንባብ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ተፈተንኩና የሕፃናት ሕክምና ሐዋሳ ደረሰኝ። ደስታዬን የምነግረው ለሷ ነበርና ሄጄ ነገርኳት።

«የሕፃናት?» አለች። «እኔ ሕፃን ነኝ?»

«አይደለሽም፣ አዬ።»

«ታዲያ እኔን ማን ሊቆርጠኝ ነው?»

«ሶዶ ስንት የቀዶ ጥገና ሐኪም አለ እኮ! ድሮም ነበረ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ጮህኩ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ለፀሎት ሴቶቹ «ልጄ የተማረችው ለሰው ልጆች ነው» እያለች ማውራቷን ሰማሁ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሴቶች እንደ ከዳተኛ ያዩኝ ጀመር።

እንቅርቱ ግን የእኛን ጭቅጭቅ አልጠበቀም። አድጎ፣ በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሿን ይዘጋት ጀመር። ከገበያ ስትመለስም ሁለት ሦስቴ ሳትቀመጥ ቤት አትደርስም። ሐዋሳ ልገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረኝ አልለመንኳትም፣ አላስረዳኋትም፤ ሚኒባስ ውስጥ አስገብቼ ሶዶ ወሰድኳት።

ያየን ሐኪም ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። በወላይትኛ ሲያናግራት ፊቷ ፈታ አለ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የጉኑኖ ልጅ ነኝ፣ እናቴ።»

በእናቱ ወገን እስከ አያቱ ድረስ ዘሩን ጠይቃ ቆጠረች። አንዲት አክስቱ ቅቤ የምታመጣላት ደንበኛዋ ሆና ተገኘች። ከዚያ ዓይኗን ሰብሰብ አድርጋ «ይሄን ለመቁረጥ ስንት ዓመት ተማርክ?» ብላ ጠየቀችው።

«ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ? መሐል ላይ የሠራሁትን ጨምሮ አሥራ አራት ዓመት ይሆናል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እውነትሽን ነበር ማለት ነው።»

ለዓመታት ስለፈልፍ የኖርኩትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

«አሁንስ ጨርሰሃል?» አለችው።

«አይ፣ ሰብ ስፔሻሊቲ የሚባል ደግሞ አለ» ብሎ ሳቀ። «እሱን እያሰብኩበት ነው።»

«እናንተስ ጡረታም የምትወጡት ደብተር ይዛችሁ ነው» አለችና ምርመራውን እንዲጀምር አንገቷን ሰጠችው።

ደም ተመረመረች፣ አልትራሳውንድ ታየች፣ ቀን ተቆረጠላት። ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ከመግባቷ በፊት ጠዋት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሳ ትንሽ ሆና ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ታላቅ እህቴ ቢላ ሥር ገብታ አልተነሳችም። አንቺ አልተወለድሽም ያኔ። እኔ ከዚያ ወዲህ ቢላ እፈራለሁ። ታከሚ ሲሉኝ ልጄ እየተማረች ነው ስል ዝም ይላሉ። ትምህርትሽ ሲረዝም…» ትንሽ ፈገግ አለች። «ሲረዝም ደስ ይለኝ ነበር።»

በየእረፍቱ የምትገልጠው ነጠላ፣ ማይክ ይዛ የመሰከረችው፣ የፀሎት ሴቶቹ፣ እኔ ሕፃናትን መርጬ ስንት ቀን በጥፋተኝነት መብከንከኔ! «ይሄን ድሮ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ስላለ አጠገባችን ያለች አስታማሚ ዞር ብላ አየችን።

«ያኔማ ወዲያው ይዘሽኝ ትመጪ ነበር» አለች።

አልጋውን የሚገፉት ሰዎች መጡ። እንደተናደድኩ ግንባሯን ሳምኳት። ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ ሐኪም መሆኔ ምንም አልረዳኝም፤ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ በስሙ ማወቄ ጭንቀቴን አባሰው እንጂ።

በሰላም ወጣች። ድምፅዋ ግን ጎረነነ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ነገረን፤ አብዛኛው ተመልሷል። መዝሙር መምራት ግን አልቻለችም፣ ከኋላ ሆና ትቀበላለች። በዚህ ታዝናለች። ሌሊት ግን በጀርባዋ ትተኛለች።

እኔ አሁን ሐዋሳ ሬዚደንት ነኝ፤ ከስፔሻሊቲው ካለፈው የሚቀረኝ ይበልጣል። እናቴ የሕፃናት ሐኪምነቴን ከተቀበለች ወዲህ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ የእኔ ሆኗል። ትናንት ራውንድ ላይ፣ አልጋ ለአልጋ እየዞርን በሽተኞች ስናይ ደውላ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ስልኩን አንድ የማላውቀው ሕፃን አፍ ላይ አስጠግታ «ሳሉን ስሚው» አለችኝ። አለቃዬ ፊት ቆሜ ሰማሁት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ነገርኳት፤ እሷም በዚያ ጎርናና ድምፅዋ ለልጁ እናት «አየሽ? በስልክ አወቀችው» ስትል እየሰማሁ ዘጋሁት።