የጋሽ ሊያንደር መረቅ

ጋሽ ሊያንደር ፓይክ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ልባቸው ከደከመ ወዲህ ግን ጧት ጧት የሚወጡት ጀልባ ላይ ሳይሆን ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ ደግሞ ምስጢር አያውቅም፤ ያየውን ኪሎ በስልክ መስመር ከባሕሩ ማዶ ላለችው ነርስ ለጆይስሊን ወዲያው ያሳብቃል። ኪሎው በድንገት ከጨመረ ሰውነታቸው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል ማለት ነው።

በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚፈቀደው የኮድ ዓሣ ማጥመድ ቅዳሜ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ሊጀመር ነው። እሳቸው ያን ሁሉ በረዶ የቻሉት ለዚያች ቀን ብለው ነው። ሰኞ ጧት ሚዛኑ ላይ እንደወጡ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ምን በልተው ነው?»

«ምንም።»

«እስቲ እትዬ ኤፊን ያገናኙኝ።»

«ሚስቴን ምን አመጣት? እሺ፣ ትናንት በጨው ተነክሮ የቆየ ሥጋ በልተናል። ግን ተዘፍዝፎ ያደረ ነው። ውኃውን ድፉ አላልሽም? ደፋነው።»

«ጎበዝ። የተቀቀለበትንስ ውኃ?»

ጋሽ ሊያንደር ከሚዛኑ ወረዱ።

«እሱማ መረቅ ነው» አሉ።

«ጋሼ!»

«ጎመኑም ካሮቱም ጉልበቱን የተወበት መረቅ እኮ ነው። እናቴ ለታመመ ሁሉ የምትሰጠው እሱን ነበር። ለልቤ ብዬ ነው በኩባያ የጠጣሁት።»

ጆይስሊን ሳቋን ስትውጥ በስልኩ ተሰማቸው። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፤ መረቁን ጠጥታ ነው ያደገችው። ሐኪሙን አነጋግራ መልሳ ደወለች። «ውኃውን በሽንት የሚያስወጣውን ኪኒን እጥፍ ያድርጉት። ኪሎው ካልወረደ ግን ጀልባ የለም፤ ከተማ ሆስፒታል ነው የሚተኙት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤፊ ብትናገረው ይሻላል። ሰውየው ያለ ካልሲ፣ ያለ መነጽር ይመዘኑ ጀመር። ሐሙስ ዕለት ጺማቸውን ተላጭተው መጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጺም ኪሎ አለው እንዴ?»

«ውኃ ይይዛል።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ኪሎው ወርዶ ተገኘ። ጆይስሊን ፈቀደች፤ የማጥመጃውን ገመድ ግን እንዳይጎትቱ አስጠነቀቀች። ስለዚህ ጀልባው ላይ ገመዱን የያዘችው ኤፊ ናት። እሳቸው ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ያዛሉ።

«ቀስ በይ፣ ቀስ። አትንጠቂው።»

«ወይ አንተ ና ጎትት፣ ወይ ዝም በል።»

«ተከልክያለሁ።»

«ምነው አፍህንም በከለከለችልኝ!»

ይህን ስትል ገመዱ ተወጠረ። ከባድ ዓሣ ነው። ጋሽ ሊያንደር ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ግን ወደ ዓሣው አልነበረም።

«ኤፊ፣ ዞር በይልኝ።»

«አሁን? ዓሣው ይዞልኝ?»

«ኪኒኑ ነዋ፣ ምን ላድርግ?»

ኤፊ እየሳቀች ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ገመዱን ግን አልለቀቀችም።